አፈሩ ዝም ሲል

በቦቴ ሰፈር እስከ አምና ድረስ ረቡዕና ቅዳሜ አፈር የሚመገብበት ቀን ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰው አካፋውን ይዞ ወደየግቢው ይወጣል። ጭድ ይበትናል፣ በጥብጦ ያሳደረውን አዛባ ያፈሳል፣ ከውሃ ድርሻው ላይ ሁለት ጆግ ይቀንስለታል፤ ከዚያ አፈሩን ይገለብጣል። አየር ያላገኘ አፈር አይበላም። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ቁርስ አልቀመስንም። መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከተረፈ ደግሞ እኛ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «ሶልያና፣ እኔንም እንደ አፈሩ ብትንከባከቢኝ ምን ነበረበት?» ይለኝ ነበር። አሁን እሱም አፈር ሆኗል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያየው ግን የለም።

በየግቢው ጥግ ቆጣሪ ተተክሏል። የመብራት ቆጣሪ ያህላል፤ ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይገባል። የሚቆጥረው የአፈሩን ትንፋሽ ነው። ዘይት እየበላ ያለ አፈር ይተነፍሳል። ዘይቱ ሲያልቅበት ትንፋሹ እያነሰ ይሄድና አንድ ቀን ዝም ይላል። አፈሩ ዝም ሲል ግቢው ጸዳ ይባላል፤ በሩ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ይመታለታል። ሐሙስ ሐሙስ ሲፈን የምትባል ቆጣሪ አንባቢ ከወረዳው ትመጣለች። ደንቡ ስለሚያስገድዳት ቁጥሩን ጮክ ብላ ነው የምትጠራው፤ ጎረቤት የሰማው ቁጥር አይሸሸግምና።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከቦቴ መኪና ነው። በእናቶቻችን ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣው ቦቴ ሁሉ እዚህ ቆሞ ዘይት ይቀይር ነበር አሉ። የተቃጠለውን ዘይት የት ይደፉት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እዚሁ። አቧራ ያስተኛል ይሉ ነበር። ምስጥ ይከለክላል ብለው የአጥር እንጨት ይቀቡበት ነበር። የናፍጣ መኪና ከመንገድ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዘይቱ ግን መሄጃ ስላልነበረው እኛው ጋ ቀረ። ወርዶ ወርዶ የሰፈሩን ጉድጓድ ውሃ አገኘው። ጉድጓዱ በብረት ክዳን ታሸገ። ከዚያ ወዲህ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በመኪና ይመጣ ነበር፤ መኪናዋ ዳገቱን አልወጣም ስለምትል ጀሪካኑን ተሸክመን የምንወጣው እኛ ነበርን። ስንት ዓመት እንደተሸከምኩ ጉልበቴን ጠይቁት፤ እሱ ይነግራችኋል።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የሰፈሩ ግቢ ሁሉ ጸድቶ ዝም ሲል ክዳኑ ይከፈታል። አንድ ግቢ ከቀረ አይከፈትም። ባለፈው ዓመት፣ በ2078 መስከረም ላይ፣ ስድሳ አንዱ ግቢ ዝም አለ። የቀረው ስድሳ ሁለተኛው ነበር፤ አጥር የምንጋራው የጎረቤቴ የጋሽ ኪሩቤል ግቢ። እሱም ሁለመናው ሳይሆን አንድ ጥግ፤ ሁለት ክንድ በሦስት ክንድ የማትሞላ መሬት።

ጋሽ ኪሩቤል ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። መካኒክ ነበሩ። ሞተር የሚባል ነገር ከአገር ከጠፋ በኋላም ቱታቸውን አላወለቁም፤ የሚቀይሩት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር መስመር በሳሙናም በአሸዋም አይለቅም።

«ጋሼ፣ አፈሩን ዘይት የሚያስበላውን እርሾ ለእጅዎም ላምጣልዎት?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ የስምንተኛ ክፍል ዶክተር፣ በእጄ አትምጪብኝ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ከስምንተኛ አላለፍኩም።

ያችን ጥግ በአሮጌ የመኪና ኮፈን ከድነው፣ ላዩ ላይ አራት ጎማ ጭነውበት ነበር። ማንም አይረግጣትም። ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስታቸው እትዬ አርሴማም መካኒክ ነበሩ፤ የሚያውቁ ሁሉ እንደሚሉት የተሻሉት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ኪሩቤል ሞተር ፈትተው ሲያሰላስሉ እትዬ አርሴማ ሌላውን ገጥመው ጨርሰው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በ2045 በጠራራ ፀሐይ አንድ የጭነት መኪና ሥር ገብተው ዘይት ሲያፈሱ መኪናው ወረደባቸው። ክሪኩ አልተሰበረም፤ የከዳው መሬቱ ነው። ለዓመታት ዘይት ሲጠጣ የኖረ መሬት ቅቤ ነው። እኔ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ መሸፈኛ ነጠላ ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ደሙና ዘይቱ አብረው ገቡ። ማንም አልለያቸውም።

የተቀበሩትማ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ግን ጋሽ ኪሩቤል ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ፤ በዚያው ሁለት ሳምንት መካነ መቃብሩ ለመንገድ ተነሣ። አጽም የሚያነሣ ቤተሰብ ይቅረብ ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ የራሱን ሙት ሊያነሣ ሲራወጥ ጋሽ ኪሩቤልን ያስታወሰ አልነበረም። እኔም ጭምር። ጠያቂ ያጣው አጽም ባንድ ላይ ተጭኖ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሆስፒታል ሲመለሱ እንኳን የሚስታቸውን መቃብር ቦታውንም አላገኙትም፤ አስፋልት ሆኖ ጠበቃቸው። እንግዲህ የቀረቻቸው ያች ጥግ ናት።

በዚያው ሁለት ሳምንት እኔ ያደረግኩት ሌላም ነገር አለ። ለማንም ሳልናገር አሥራ ሦስት ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ።

የአፈር ምግቡ ሲጀመር ወረዳው እርሾ በፓኬት አደለን። ከውጭ የመጣ፣ ብር በሚመስል ወረቀት የታሸገ፣ ሲያዩት የሚያስከብር እርሾ ነበር። ዘይታችንን ቀመሰውና ሞተ። ሁለተኛ ጊዜ ታደለ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሞተ። የእኛ ዘይት የሞተር ዘይት ብቻ አይደለም፤ ናፍጣው፣ ፍሬን ዘይቱ፣ የሰው ላቡ ተደባልቆበታል። እኔም በስምንተኛ ክፍል እውቀቴ አሰብኩና፣ ለዚህ ሰፈር ዘይት የዚህ ሰፈር እርሾ ነው የሚሆነው አልኩ። ዘይት ውስጥ ሲኖር የለመደ አፈር ከየትኛውም ፓኬት ይበልጣል። በሰፈሩ ደግሞ ከሁሉ የጠቆረው አፈር የት እንዳለ አውቅ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ሆስፒታል ሲገቡ የቤታቸውን ቁልፍ የተዉት እኔ ዘንድ ነው። ኮፈኑን አነሣሁና አንድ የቲማቲም ጣሳ አፈር ዘገንኩ።

በፕላስቲክ ገንዳዬ ከጭድና ከአዛባ ጋር ለወስኩት። በአሥረኛው ቀን አረፋ ደፈቀ። ግቢዬ ሲበላ፣ ቆጣሪዬ ሲቆጥር የሰማ ጎረቤት ጣሳውን ይዞ መጣ። እርሾ ለጠየቀ ጎረቤት አይከለከልም፤ የወሰደም ከሥሩ ትንሽ ይተዋል። እንዲህ እየተባለ ከእኔ ገንዳ ስድሳ አንድ ቤት ደረሰ። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ «ከጓሮዬ» አልኩ። ጋሽ ኪሩቤልም ለቀረው ግቢያቸው ከእኔው ወሰዱ። «እጅሽ እርሾ ያውቃል፣ ሶልዬ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ገንዳዬን ከደንኩ።

ወደ ባለፈው መስከረም ልመለስ። የሰፈሩ የአፈር ኮሚቴ ሰብሳቢ ናሆም ይባላል፤ እኩያዬ ነው፣ ድምፁ ከኮሚቴው ይበልጣል። አንድ ጠዋት ደጄ መጥቶ ቆመ።

«ከወረዳ ደብዳቤ መጥቷል። ጋሽ ኪሩቤል ጥጓን ካላስመገቡ ቆፋሪ ማሽን ይመጣል። ሁለት ሜትር ወደ ታች ቆፍሮ፣ ጭኖ ይወስደዋል።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሳቸው ንገራቸው።»

«እኔንማ አይሰሙኝም። ለአንድ ሰው ሐዘን ስድሳ አንድ ቤት ውሃ ይጥማው?»

«አንተን እንኳ ውሃ ጠምቶህ አያውቅም፤ የምትጠጣው ሌላ ነው» አልኩት። ሳቀ። እውነት ግን ነበረው። የናሆም እናት በዘጠና ዓመታቸው በአንድ ጆግ ውሃ ገላቸውን ሲታጠቡ፣ እጣቢውን ለአፈሩ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ።

ወደ ጋሽ ኪሩቤል ገባሁ። ጎማቸው ላይ ተቀምጠው ሥራ የፈታ ካቻቢቴ ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ ማሽን ሊመጣ ነው።»

«ይምጣ። በላዬ ላይ ይሂድ።»

«ማሽኑ ሾፌር የለውም። ማንን ሊያሳፍሩ ነው ፊቱ የሚተኙት?»

ካቻቢቴውን አስቀመጡት።

«የእትዬ አርሴማን መቃብር እንደወሰዱት ይህንንም ጭነው ይሄዳሉ» አልኳቸው። «የት እንደሚደፉት እንኳ አይነግሩዎትም። እርሾ ብንሰጠው ግን እዚሁ ነው። ማንም የትም አይወስደውም።»

«ይበላታል።»

«ዘይቱን ነው የሚበላው።»

«ማን ለያቸውና?»

ካቻቢቴውን አንሥቼ መወልወሉን ቀጠልኩላቸው። ፀሐይ ከአጥሩ ተሻገረች። በመጨረሻ «ያንቺ እርሾ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው አንቺ አምጪው። የወረዳ ፓኬት አላስነካትም።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

በጥቅምት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጎማዎቹን አወረድን፣ ኮፈኑን አነሣን። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተዘግቶበት እንደኖረ ሁሉ ተነሥቶ ፊታችን ላይ ወጣ። ጋሽ ኪሩቤል አካፋ እምቢ አሉ። ተንበርክከው በእጃቸው ለወሱት፤ ጭዱን በጣቶቻቸው እየለዩ፣ ውሃውን በመዳፋቸው እያካፈሉ። ሲፈን ቆጣሪ ተክላ ሄደች።

በመጀመሪያው ሐሙስ «አራት!» ብላ ጠራች። በሁለተኛው «አሥራ አንድ!» በአምስተኛው ሳምንት ቆጣሪውን ሁለቴ አየችና «ሃያ ስድስት!» አለች። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ቁጥር ተሰምቶ አያውቅም።

ጋሽ ኪሩቤል በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«ሰማሽ? ትተነፍሳለች።»

«አፈሩ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልማ እኔም ደርሻለሁ።» ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም ብላ ነበር፣ ሶልዬ።»

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ተለወጡ። ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ። ቁርሳቸውን ከጥጓ አጠገብ፣ ጎማው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ቆጣሪው ትንፋሽ በቆጠረ ቁጥር ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ሌሎቻችን ከለመድነው ቆይተናል፣ ግድግዳ ላይ እንዳለ ሰዓት ነው። እሳቸው ግን ድምፁ ሲዘገይ ማኘካቸውን ያቆማሉ። አንዳንዴ በአጥሩ ሳልፍ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ስለ ዳቦ መወደድ፣ ስለ ናሆም፣ ስለ እኔም ጭምር። «ሶልያና ዛሬም አልተበጠረችም» ሲሉ ሰምቼ «ሰምቻለሁ ጋሼ!» ብዬ ጮኼባቸው አውቃለሁ።

እንዲህ ያለች ትንሽ ጥግ፣ እርሾው ዘይቱን ከለመደ ወዲህ፣ በሁለት ወር ትጠግባለች። ከዚያ ትንፋሹ መውረድ አለበት። ታኅሣሥ አለፈ፤ ሃያ አራት። ጥር አለፈ፤ ሃያ አምስት። ናሆም ቆጣሪው ተበላሽቷል አለ፤ ሲፈን ሌላ ቀየረች። ያው ሃያ አራት። ስድሳ አንዱ ቤት ዝም ብሎ አንዲት ጥግ ትተነፍሳለች። የካቲት ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልጸዳ ማሽኑ ይላካል ይላል።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይዤላቸው ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ጥጓ ላይ ተንበርክከው በሻይ ብርጭቆ ጥቁር ነገር ያፈሳሉ፤ ቀስ አድርገው፣ ለሕፃን መድኃኒት እንደሚሰጥ ሰው። አጠገባቸው ጀሪካን አለ። ሳላየው ሽታው ነገረኝ።

«ጋሼ!»

አልደነገጡም። «ቁርሷን ነው» አሉ።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከአልጋዬ ሥር። ለአጥር ቅብ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር፤ አጥሩ ብረት ሆነ፣ ዘይቱ ቀረ።»

ዳቦውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ወር ጀሪካን ተሸክሜ ዳገት ስወጣ እሳቸው በዚህ ወገን ሌላ ጀሪካን እያጋደሉ ነበር።

«ስድሳ አንድ ቤት ውሃ ይጠብቃል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ማሽኑ ይመጣል። ያኔ ሁሉንም ያጡታል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ክሪክ ሥር ጣውላ ይደረጋል፣ ሶልያና። ለለማጅ ከሁሉ በፊት የምናሳየው እሱን ነው፤ ለስላሳ መሬት ላይ ክሪክ ባዶውን አይቆምም። ያን ዕለት ጣውላውን ለሌላ መኪና የወሰድኩት እኔ ነኝ። ‘ኪሩ፣ ጣውላውስ?’ አለችኝ። ‘ለአንድ አፍታ ነው፣ ይይዛል’ አልኳት። ዘይቱንም እዚያ ቦታ ላይ ስደፋ የኖርኩት እኔ። መሬቱን ያለሰለስኩት እኔ። አሁን ደግሞ ትንፋሿን እኔው ላቁም?»

ይህን በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ለማንም እንዳልተናገሩ ከአፋቸው አወጣጡ ነገረኝ። ቀጥዬ የተናገርኩትን የተናገርኩት ላጽናናቸው ብዬ አይደለም። እሳቸው እውነታቸውን ዘርግፈው እኔ ውሸቴን ታቅፌ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

«ጋሼ፣ እርሾው ከጓሮዬ አይደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ከዚችው ነው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ኮፈኑን አንሥቼ አንድ ጣሳ ወሰድኩ። ሰፈሩ ሁሉ የበላበት እርሾ ከዚያ ጣሳ ነው። እርስዎም ከኔ የወሰዱት እሱኑ ነው። እኔ ታምኜ የተሰጠኝን ቁልፍ...»

«ውጪልኝ» አሉ።

ወጣሁ። ዳቦው እጄ ላይ ነበር።

ሦስት ቀን በራቸው አልተከፈተም። ረቡዕ አፈራቸውን አልገለበጡም። በአጥሩ ጆሮዬን ሰጥቼ የምሰማው የቆጣሪውን ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም እየዘገየ። ናሆም መጥቶ «ታመሙ እንዴ?» ሲለኝ ጭድ ስበትን ዋልኩ፤ ግቢዬ ጭድ መብላት ካቆመ ዓመት እንዳለፈው እንኳ ረስቼው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ኪሩቤል ናቸው። ቱታ አልለበሱም፤ የቤተ ክርስቲያን ነጭ ሸሚዛቸውን ነው የለበሱት።

«ለማን ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለሁሉም ነው ጋሼ።»

«ሁሉም አይባልም፤ ሰው ስም አለው። ከኔ ግቢ ወጥታ የት የት እንደገባች አሳዪኝ።»

ሁለት ቀን ፈጀብን። ከሰፈሩ ላይኛው ጫፍ ጀምረን በየቤቱ ሄድን። በእያንዳንዱ ግቢ ደጃፍ ላይ ይቆሙና «እዚህም ገብታለች?» ይሉኛል። «ገብታለች ጋሼ» እላለሁ። አፈሩን ያዩታል። አንዱ ግቢ ቆስጣ በቅሎበታል። አንዱ ግቢ ባለፈው ጥር ሙሽራ ወጥቶበታል። አንዱ ግቢ ልጆች ተንከባለውበት አቧራ ብቻ ለብሰው ይሮጣሉ፤ እኛ በዕድሜያቸው ስንንከባለል ዘይት ነበር የምንለብሰው፣ እናቶቻችን በላምባ ነበር የሚያስለቅቁልን። ጋሽ ኪሩቤል አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ጭብጥ አፈር አነሡ፤ አሸተቱት፤ መለሱት።

አንዷ ጎረቤት «ጋሼ፣ ምን ጠፋዎት?» ብላ ወጣች።

«ምንም። ዘመድ ጥየቃ ነው» አሏት።

መንገድ ላይ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«ፈርቼ።»

«ሌባ» አሉ፤ ቁጣ ግን አልነበረውም። ጥቂት እንደሄድን ብቻቸውን ሳቁ። «አርሴማ እኮ ሰው ቤት መዞር አትወድም ነበር። ‘ሥራ ፈት ነው የሚዞር’ ትል ነበር። ይኸው ስድሳ አንድ ቤት!» ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። አጥር ይዘው ቆሙ፤ እኔም ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

የመጨረሻው ቤት የናሆም ነበር። እናቱ ምንጣፍ እንኳ ሳያነጥፉ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እግራቸውን ዘርግተው፣ በመዳፋቸው አፈሩን እየደባበሱ። ናሆም ለጠብ የመጣን መስሎት ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

«አንተም ቤት ነበረች» አሉት ጋሽ ኪሩቤል። «አንድ ቀን እንኳ ቁጭ በይ ሳትላት።»

ናሆም ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባውም። ግን ወንበር አመጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሳያመጣላቸው የኖረውን ወንበር። ተቀመጡ። ብዙ ሳይቆዩ «ማሽኑ አይምጣ። በራሷ ጊዜ ትጨርስ» አሉ።

በማግሥቱ ጀሪካኑን ለሲፈን አስረከቡ። ግማሽ ያህል ቀርቶት ነበር። ሲፈን ፈርማ ተቀበለችና «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እኮ ያስከስሳል» አለች፤ ከዚያ ፊታቸውን አይታ ቅጹን ሳትሞላ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ትንፋሹ መውረድ ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ሁለት። ሰባት። የሲፈን ድምፅም ከሐሙስ ሐሙስ እየቀነሰ መጣ። ጋሽ ኪሩቤል ከጎማቸው አይነሡም። እኔም የታጠበ ልብሴን ይዤ ሄጄ እዚያው አጣጥፋለሁ፣ ባቄላዬን እዚያው እለቅማለሁ። «ባቄላሽ እንኳ ሰው ይፈራል፣ ሁሉም ተንከባሎ ይሸሽሻል» ይሉኛል፤ ለጨዋታው እንጂ ዓይናቸው ከቆጣሪው አይነሣም።

ቁጥሩ ሦስት የሆነ ሳምንት ሰው መምጣት ጀመረ። የጠራው የለም። አንዱ በርጩማ ይዞ፣ አንዷ ምንጣፍ ጠቅልላ፣ እየገቡ ግድግዳውን ተጠግተው ይቀመጣሉ። ናሆም ከፀሐይ ይከልላል ብሎ ሸራ ወጠረ፤ ለማሰር ወንበር ላይ ሲወጣ ሊወድቅ ነበር፣ ማንም አልሳቀበትም። ለቅሶ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ማን እንዳዘዘ ግን አላውቅም፤ ንፍሮ መጣ።

በግንቦት ሁለተኛው ሐሙስ ቆጣሪው ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ብቻ ተሰማ። ሲፈን ስትደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር። ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። ቆቧን አወለቀች። ቁጥሩን አልጠራችም።

«ጥሪው ልጄ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ደንብ ነው።»

«ዜሮ» አለች።

ጮክ አላለችም፤ ሁሉም ግን ሰማ። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅነው ቃል ነበር። እልል ያለ የለም። የናሆም እናት ብቻ፣ ጆሯቸው አይሰማም፣ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ፤ ናሆም ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ «አረፈች ነው የምትልሽ» አላቸው።

አረንጓዴው ሰሌዳ ተመታ። ሰኔ ሲገባ የወረዳ ሰዎች መጥተው የጉድጓዱን ክዳን ቆርጠው አነሡ፤ ፓምፑ ተተከለ፣ ቧንቧው ተከፈተ። መጀመሪያ ዝገት መጣ፣ ቀጥሎ አየር፣ ቀጥሎ ውሃ። ኮሚቴው የመጀመሪያው ብርጭቆ ለጋሽ ኪሩቤል ይሁን ብሎ ወስኖ ነበር። እሳቸው የራሳቸውን የሻይ ብርጭቆ ይዘው መጥተዋል። አወቅኳት። ታጥባለች፣ ታጥባለች፣ ፀሐይ እስኪያልፍባት ነጽታለች።

ሞሉላቸው። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ወደ አፋቸው አላስጠጉትም፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አሸተቱ። ዞር አደረጉትና እንደገና አሸተቱ። ከዚያ እኔን ፈለጉ።

«ሶልዬ፣ ምንም አይሸትም እኮ።»

እኔ ለሳቸው የሚሆን ቀልድ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን አጣሁ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «ጸድቷል።»

በሰፈራችን ውሃ አይደፋም። ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡት።

ከዚያ ሰው ቧንቧውን ወረረው። ሃያ ዓመት ውሃ በጆግ ለክተን የኖርን ሰዎች ነን፤ ያን ቀን የለካ የለም። ሳሙና ወጣ። ልጆቹ ራሳቸውን ከሥሩ ነከሩ፣ ሴቶቹ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ፈተጉ፣ ናሆም የእናቱን እግር ተንበርክኮ ያጥባል። እኔም እጄን ዘርግቼ ውሃው ሲፈስብኝ ቆምኩ። ቀና ስል ጋሽ ኪሩቤል ከጎኔ ቆመው ጥጓን የለወሱባቸውን አሥሩንም ጣቶቻቸውን ዘርግተው ያያሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ያለችውን ጥቁር መስመር።

«ይምጡ ጋሼ፣ ሳሙና አለ» አላቸው አንዱ።

እጃቸውን ቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ።